የቁልፍ የቀትር ልኬት

የድመቱን ጥማት ቀድሞ ያወቀው፣ ራሱ ስኳር ያለበት ሰው ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአንድ ቤት ትኖራለች። ወንድሟ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ ስትሞትበት ዕቃውን በሁለት ሻንጣ ይዞ እህቱ ቤት የገባ ሰው ነው። ድመቱ የእሷ ነው። መላ ሰውነቱ ነጭ ሆኖ ደረቱ ላይ ብቻ አንዲት ክብ ጥቁር ነጥብ አለችው፤ ሸሚዝ ላይ የተተከለች ቁልፍ ትመስላለች። ስሙም ከዚያ መጣ፤ ቁልፍ ተባለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በልቶ፣ ተኝቶ፣ የሰው ጨርቅ ላይ ፀጉሩን አራግፎ ኖረ። ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ሌላ ሥራ ያዘዘውም የለም።

በዘጠነኛው ዓመት ውሃ ይጠጣ ጀመር። ሳህኑን ጨርሶ ወደ ባልዲው ይሄዳል፣ ከባልዲው ወደ መታጠቢያው። ይበላል፣ ግን ይከሳል። ወንድሟ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲያየው ሰነበተና አንድ ቀን፣

«እቺን ጥማት አውቃታለሁ» አለ።

«ምኗን ነው የምታውቃት?»

«እኔም ሳልመረመር በፊት ጀሪካን ሙሉ ውሃ ከጎኔ አስቀምጬ ነበር የምነዳው። ረዳቴ ለራዲያተሩ ይመስለው ነበር። ይሄ ድመት ስኳር ይዞታል።»

«ጋሼ ደግሞ! አታሟርት እንጂ።»

ሟርት አልነበረም። የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ። ደሙን ለክታ ስታበቃ ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ እንዲወጋ አዘዘች። ቀጥላም ዋናውን ነገር ተናገረች።

«ልኬቱ ግን እቤት ነው የሚሆነው፣ እትዬ። እዚህ ሲመጣ ይፈራል፤ ሲፈራ ስኳሩ ይወጣል። እውነተኛው ቁጥር ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ጠዋትና ማታ ከመርፌው በፊት ይለኩት፤ አንዳንዴም ቀትር ላይ፣ መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት።»

«መለኪያ እኔ አለኝ» አለ ወንድሟ፣ ደረት ኪሱን መታ መታ አድርጎ።

«የእርስዎ የሰው ነው፣ ጋሼ። የድመት ደም እንደ ሰው ደም አይደለም። የሰው መለኪያ ድመት ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነባል። በእሱ መለካት አይቻልም አልልም፤ በእሱ ከሆነ ግን ንገሩኝና እኔም በእሱ ልክ አስባለሁ። ዋናው፣ የቱ እንደሆነ ማወቄ ነው።»

ከዚያ ወጥተው የእንስሳት መድኃኒት ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ሦስት መለኪያዎች መስታወቱ ላይ ደረደረላቸው። ሰፊዋ መነጽሯን አደረገችና ጨርቅ እንደምትመርጥ ሁሉ እያገላበጠች አየቻቸው። አንደኛው ቁጥሩ ጎላ ያለ ነው፤ ግን ብዙ ደም ይፈልጋል። ሁለተኛው እንደ ወንድሟ ያለ የሰው መለኪያ ነው፤ ደም የሚነካበት ወረቀቱ በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል። ሦስተኛው የእንስሳት ነው፤ ሲከፈት የውሻ ወይም የድመት ሥዕል ያስመርጣል፤ ወረቀቱ ግን ካላዘዙት አይመጣም።

«ምን ያህል ደም ይበቃዋል?» አለች ሦስተኛውን ይዛ።

«የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል።»

«ከጆሮ ጫፍ የሚገኘውም ያው ነው። ይሄን ስጠኝ።»

«እኔ ዘንድ ያለው እያለ!» አለ ወንድሟ። «ደሙ ያው ቀይ ነው፣ ስኳሩም ያው ጣፋጭ። የኔ ማሽን ለድመት አነሰ?»

«በዛበት እንጂ መች አነሰ፣ ጋሼ።»

ሻጩ ሳቀ። ወንድሟ አልሳቀም፤ ነገሩን በሆዱ ያዘው።

ልኬቱን ለመዱት። ሰፊዋ ቁራጭ ፍላኔል በካውያ ሞቅ አድርጋ የድመቱን ጆሮ ትጠቀልላለች፤ ደም ወደ ጫፉ እንዲመጣ። ከጆሮው ጀርባ ጥጥ ትይዝና ጠርዙን ወጋ ታደርገዋለች። አርባ ዓመት መርፌ የያዘ እጅ ነውና ቁልፍ ብዙም አልተከፋ። ቁጥሩን በደብተር ትጽፋለች፣ መድኃኒቱን ትሰጣለች፣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ሱቋ ከቤቷ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው።

«ቀትር ላይ እኔ አየዋለሁ» አላት ወንድሟ በመጀመሪያው ሳምንት።

«እሰይ፣ ተባረክ።»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በምን እንደሚያየው አልጠየቀችውም። እሷ ደግሞ የማትጠይቅ ሴት አልነበረችም። ስፌት ያስተማሯት ሴትዮ ከሁሉ አስቀድመው የነገሯት፣ የለካሽበት ሜትር ሳይቀየር ቁረጪ የሚል ነው። የጨርቅ ሜትር በዓመታት ይለጠጣል። የተለጠጠም ቢሆን በእሱ ለክቶ በእሱው ለቆረጠ ሰው ልብሱ ልክ ይመጣል፤ በአንዱ ለክቶ በሌላው የቆረጠ ግን ያንኑ ቀን ጨርቁን ያበላሻል። ሱቋ ውስጥ ሁለት ሜትር አለ፤ ቢጫው አንድ ጣት ያህል ተለጥጧል። ማንም ልኬት ሲነግራት፣ መቀሱን ከማንሳቷ በፊት «በየትኛው ሜትር?» ትላለች። ለደንበኛ ብላለች፣ ለባልደረባ ብላለች፤ ለወንድሟ አላለችም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በሰዓቱ ተነሥቶ የሚሠራው ሥራ ሲያገኝ ማየቷ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስታው አፏን ያዘው።

የማታው ቁጥር አልወርድ አለ። ሦስት መቶ አሥር፣ ሁለት መቶ ዘጠና፣ ሦስት መቶ ሠላሳ። ደብተሩን ለሐኪሟ አሳየቻት። ቀትሮቹ ባዶ ነበሩ።

«በቀንስ?»

«በቀን ወንድሜ ነው የሚያየው። ደህና ነው ይለኛል።»

ሐኪሟ መድኃኒቱን ከአንድ ዩኒት ወደ አንድ ተኩል ከፍ አደረገችው። ከሳምንት በኋላም ማታ ማታ ያው ሆነ፤ ወደ ሁለት አደረሰችው። ቀትሩንም ጻፉልኝ አለች። ሰፊዋ ለወንድሟ ነገረችው።

«መድኃኒቱን ምነው አበዛችሁበት?» አለ እሱ። «ቀትር ላይ እኮ ደህና ነው።»

«ደህና ማለት ስንት ነው?»

«ደህና ማለት ደህና ነዋ! እኔ እያለሁ ምን ይሆናል?»

ይህን ባላት በሦስተኛው ቀን የራሱ የሐኪም ቀጠሮ ደረሰ። ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «ዛሬ ቀትሩን ብቅ ብለሽ እዪው፤ አደራ» አላት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቋን ዘግታ መጣች። ቁልፍ ወደ በሩ ሊመጣ ተነሣ፤ የኋላ እግሮቹ ግን አልታዘዙትም። እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግድግዳው አዘነበለ፣ ተንሸራተተ፣ ምንጣፉ ላይ ተኛ። ዐይኑ ክፍት ነው፤ ሲጠሩት አይዞርም።

ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ተንበረከከች። እጇ ሥራውን ያውቃል። ጆሮውን ወጋች፤ አርባ አንድ። ስኳር ሲወርድ የሚሰጠውን ማር ከቁም ሣጥኑ ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ጠርሙሱ ያለ ቦታው፣ የወንድሟ ወንበር አጠገብ ተቀምጦ አየችው፤ ከግማሽ በላይ ጎድሏል። ለምን ብላ ልትጠይቅ ጊዜ አልነበራትም። ድዱን በጣቷ ቀባችው፣ ደግማ ቀባችው። ሐኪሟ ጋ ደወለች፤ በፎጣ ጠቅልላ ታክሲ ውስጥ ገባች። መንገድ ላይ ቁልፍ ጣቷን ላሰ። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ተደውሎለት ከራሱ ቀጠሮ በቀጥታ የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ መጣ። ድመቱ ጠረጴዛው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ ተናዷል፤ ይህም ደግ ምልክት ነው ተባለ።

«አልገባኝም» አለች ሐኪሟ ደብተሩን እያገላበጠች። «ማታ ሦስት መቶ የሚል ድመት በሁለት ዩኒት እንዲህ አይወርድም። ቀትር ላይ ስንት ነበር፣ ጋሼ?»

ወንድሟ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ አገባ። የራሱን ስኳር የሚጽፍበት፣ ለቀጠሮው ይዞት የሄደው ትንሽ ደብተር ነው ያወጣው። በራሱ ቁጥሮች ጎን ጠባብ ዓምድ አስምሯል፤ አናቱ ላይ «ቁልፍ» ይላል። ስልሳ ሁለት። ስልሳ አራት። ሃምሳ ዘጠኝ። ከእያንዳንዱ አጠገብ አንዲት ክብ ምልክት አለች።

«ክቧ ምንድን ናት?»

«ማር ናት» አለ። «አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለካው።»

«በየቀኑ?»

«ስልሳ ሲል ምን ላድርግ ታዲያ?» ድምፁ ወፈረ። «አርባ ተሳፋሪ ጭኜ ስኳሬ ስልሳ ሳይሞላ ቀርቶ ያውቃል። መሪው ከእጄ ሲሸሽ አውቀዋለሁ። አንዲት ሴትዮ ከረሜላ አፌ ውስጥ ባትከት ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም። እኔ ዐይኔ እያየ...»

ሰፊዋ ያን ጊዜ ነው የጠየቀችው።

«ጋሼ፣ በየትኛው ነው የለካኸው?»

ደረት ኪሱን ነካ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ወረቀት አውጥታ አስረዳቻቸው። ያ ስልሳ ሁለት በእንስሳቱ መለኪያ ሰማንያ ምናምን ይሆን ነበር፤ ለቀትር የሚመኙት ቁጥር ነው። በማሩ ምክንያት ማታ ሦስት መቶ ይላል፤ ሦስት መቶውን አይታ እሷ መድኃኒቱን ትጨምራለች። ዛሬ መድኃኒቱ ነበረ፣ ማሩ አልነበረም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለች። «አንዱን መለኪያ ምረጡ። መጠኑን ወደ አንድ እንመልሰዋለን። በእንስሳቱ መለኪያ ከስልሳ በታች ካልሆነ ማር የለም።»

ድመቱን ይዘው በታክሲ ወደ ቤት ተመለሱ። ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ወንድሟ፣

«ከእንግዲህ ቀትሩን አንቺው ያዢው» አለ። «ወይም ጎረቤታችንን እዪልኝ በያት። እኔ ልገድለው ነበር።»

ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ በሞተች ሰሞን ይቀመጥ እንደነበረው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እዚያው ነው። ሰፊዋ ቀትር ላይ እየተመላለሰች ለካች። የራሱንም ስኳር ለክቶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ «እደርስበታለሁ» አላት። ያን ጊዜ የፈራችው ለድመቱ ብቻ አልነበረም።

አራተኛው ቀን ላይ ሱቋ ውስጥ ከተራረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፋች። ለመዝጊያ ጥቁር ቁልፍ ተከለችበት። የእንስሳቱን መለኪያ፣ ወረቀቶቹን፣ መውጊያውን፣ ደብተሩን ከነእስክሪብቶው ከተተችበት። እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ በክር አሰረችው። ጠዋት ወንድሟ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀትሩ ያንተ ነው። መለኪያው ግን ይሄ ነው፣ ደብተሩም ይሄ ነው። ማር ከነካህ ማሩንም ጻፈው። የኪስህ የራስህ ነው፤ እሱንም ዛሬ ለካበት።»

«እኔን አምነሽ?»

«ጋሼ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ በየትኛው ሜትር ስል ኖሬ አንተን አልጠየቅሁህም። ጥፋቱን ብቻህን አትውሰደው፤ ግማሹ የኔ ነው።»

ከረጢቱን አገላበጠ። «ቁልፏ ጠበቅ ብላለች» አለ።

«ትለቃለች፤ አዲስ ስለሆነች ነው።»

በዚያ ቀን ሰፊዋ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አንድ ቀሚስ ይዛ አንድ መስመር አልሰፋችም። ስልኩ ስድስት ተኩል ላይ ጮኸ።

«ሰማንያ ሁለት» አለ ወንድሟ።

«በየትኛው?»

«በከረጢቱ ነዋ!»

«ጥሩ ነው እኮ ታዲያ።»

አተነፋፈሱ ይሰማታል።

«ማሩ እጄ ላይ ነው» አለ።

«ክዳኑስ?»

«አልከፈትኩትም።»

«እንግዲህ አስቀምጠው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ድገምና ደውልልኝ።»

ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው። ደንበኛ መጣች፤ ነገ ነይ ተባለች። ሰፊዋ ቢጫውን ሜትር ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ ጠቀለለችው። ብድግ ብላ ቤት ሄዳ ልታይ ሁለት ጊዜ ነጠላዋን አነሣች፤ ሁለት ጊዜ መልሳ ሰቀለችው። ስልኩ ጮኸ።

«ሰማንያ ስድስት። ወንበሬን ቀምቶኝ ተኝቷል።»

«ጻፍከው?»

«እየጻፍኩ ነው፤ አታጣድፊኝ! ክሩን አሳጥረሽዋል፣ እስክሪብቶው አይደርስም።»

«አስረዝምልሃለሁ ማታ» አለች። ስልኩን ዘጋችና እግሯን የስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ አደረገች።