ለጠፋ ቁልፍ

፩

አልዞረም።

ሁለተኛውም አልዞረም።

ተዋበች ይማም ሁለቱን የተበላሹ ቁልፎች ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ሦስተኛውን ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰረች። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ጣቷ ከወዲሁ ተልጧል።

"የቁልፍ መቅረጫ ማሽኑ እያለ በሞረድ?" የሚለው ጥያቄ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠችው።

፪

ከተበላሹት ቁልፎች የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። አሁን ማን እንደሆነች ልንገራችሁ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት አልጋ አንጣፊ ሆና ሠርታለች። ሆቴሉ ሲዘጋ ሙያ ማሠልጠኛ ገባች። ማሠልጠኛው ሠልጣኞቹን "አንድ ቀን ከባለሙያ ጋር ውላችሁ ሙያችሁን ምረጡ" አላቸው። ሌሎቹ ልብስ ስፌትና ጸጉር ሥራ አሉ።

እሷ ቁልፍ ሥራ አለች።

፫
የመለሱላት ቁልፍ ሠሪዎች ዝርዝር

የመጀመሪያው፦ "እህቴ፣ ይኼ የወንድ ሥራ ነው።"

ሁለተኛው፦ ሳቀ።

ሦስተኛው፦ "ባልሽ ያውቃል?" (ባል የላትም። ይህንንም አልነገረችውም።)

አራተኛው ጋሽ አበጋዝ ናቸው፤ ፒያሳ ከፋርማሲው ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ የሚሠሩ ሽማግሌ። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። "አንድ ቀን። ካልሆነልሽ ሁለተኛ እንዳትመጪ።"

፬
ቁልፍ በእጅ ሲቀረጽ፣ ጋሽ አበጋዝ እንዳሉት

አሮጌውንና አዲሱን አጋጥመሽ እሰሪ። ዓይንሽን አትመኚ፤ በጥፍርሽ ዳስሺ። ሞረዱን ወደ ፊት ግፊ፤ ስትመልሺው አንሺው። ጸጉር ታህል ከበዛብሽ አበቃ፤ ብረት አንዴ ከተቆረሰ አይመለስም። ከተናደድሽ እጅሽን ሰብስበሽ ቁጭ በይ።

ከተበላሸ እንደገና።

እንደገና።

፭

ሦስተኛው ዞረ።

ጋሽ አበጋዝ ቁልፉ የተሠራለትን ጓጉንቸር አራት ጊዜ ቆልፈው አራት ጊዜ ከፈቱት። ከምሳ በኋላ የመሣሪያ ቦርሳቸውን ያሸከሙት እሷን ነው።

፮

የጠራቸው ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ፣ ለስላሳ አንደበት ያለው ሰው ነበር። የመኝታ ክፍሌ ቁልፍ ጠፋ አለ። መታወቂያውን አሳየ። በባጃጅ ወስዶ ቤቱ አገባቸው።

በሩ የድሮ ነው፤ ከውጭም ከውስጥም በአንድ ቀዳዳ የሚቆለፍ።

"እስኪ አንቺ ሞክሪው" አሉ ጋሽ አበጋዝ።

ተንበረከከችና ሽቦውን አስገባች። ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ከብረት ጋር ተጋጨ።

"ጋሼ፣ የሆነ ነገር ያዘኝ።"

"ገፋ አድርጊው፤ ይወድቃል" አሉ እንደ ልማዳቸው።

ልትገፋ እጇን አጠነከረች።

እጇን ገታች።

የያዛት ቁልፍ ነው። በዚያኛው በኩል የተሰካ ቁልፍ። ቁልፍ ደግሞ ብቻውን ክፍል ገብቶ ከውስጥ አይቆልፍም።

፯
በበሩ ወዲህና ወዲያ የተባለው፣ እንደተባለው

ተዋበች፦ ውስጥ ሰው አለ?

ሰውዬው፦ ማንም የለም። ክፈቺው።

ተዋበች፦ እህቴ፣ ቁልፍ ሠሪ ነኝ። ክፈቺ ካላልሽኝ አልከፍትም። ስምሽ ማን ነው?

ከውስጥ፦ ራውዳ።

ሰውዬው፦ ባለቤቴ ናት። አሟታል፤ የምትለውን አታውቅም።

ተዋበች፦ ራውዳ፣ አሞሻል?

ራውዳ፦ አላመመኝም። መቶኝ ነው። ስልኬንም ወስዶብኛል። በአላህ አትክፈቱለት!

ሰውዬው፦ ቤቱ የኔ ነው! አባት፣ እርስዎ ይክፈቱት!

ጋሽ አበጋዝ፦



፰

ከስማቸው ቀጥሎ ያለው ባዶ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። ያን ያህል ዝም ብለው ነበር።

ተዋበች መልሳቸውን አልጠበቀችም። ሽቦውን አወጣች፤ ዞረችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ራውዳ፣ የማንን ቁጥር በቃልሽ ትይዣለሽ?"

"የወንድሜን። የኑርዬን።"

ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራችላት። ተዋበች ደወለች።

"ውጪ ከቤቴ!" ሰውዬው ጫማው ጉልበቷን እስኪነካ ተጠጋት።

"ወንድሟ ሲመጣ እወጣለሁ።"

ቀሚሷን እግሯ ላይ ሳብ አደረገች።

ይኼኔ ጋሽ አበጋዝ ሽቦውን አንስተው ቦርሳው ውስጥ ከተቱትና ዚፑን ዘጉ። መጥተውም፣ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ፣ ከጎኗ ተቀመጡ።

"እኔ የተጠራሁት ለጠፋ ቁልፍ ነው" አሉ ሰውዬውን ቀና ብለው እያዩ። "ይኼ አልጠፋም።"

፱

አርባ ደቂቃ።

ለመናቸው። ሰደባቸው። ፖሊስ እጠራለሁ አለ፤ "ጥራ" አለችው፤ አልጠራም። ከበሩ ማዶ ራውዳም ወለሉ ላይ ተቀምጣ ኖሯል፤ እንጨቱ ስታለቅስ ይነዝር ነበር። ተዋበች ያንን በጀርባዋ ሰማችው።

"አብሽሪ" አለቻት። "እዚሁ ነኝ።"

፲

ኑርዬ ሁለት ጎረቤቶች አስከትሎ ገባ። "ራውዳ፣ እኔ ነኝ።"

ቁልፉ ዞረ። ያዞረችው ራውዳ ራሷ ናት።

አንድ ዓይኗ አብጦ፣ በባዶ እግሯ ወጣች። ተዋበች አጠገብ ስትደርስ እጇን ይዛ አጥብቃ ጨበጠቻት። ወንድሟ ደግፎ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ወሰዳት። ሰውዬው ግድግዳው ስር ቆሞ ቀረ።

፲፩

ጋሽ አበጋዝና ተዋበች በእግራቸው ተመለሱ። ሱቅ ገብተው ሽማግሌው መሣሪያውን በየቦታው ይሰቅሉ ጀመር።

"ነገም ነይ" አሉ ሳይዞሩ።

"እመጣለሁ።"

"ከነገ ወዲያም።"

"እመጣለሁ፣ ጋሼ።"

ሞረዱን እንደያዙ ቆሙ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት በር ከፍቻለሁ። ሽቦው ሲይዘኝ እገፋለሁ። ቁልፉ ከበሩ ማዶ ጠብ ሲል እሰማለሁ። እከፍትና ፊቴን አዙሬ እሄዳለሁ፤ የሰው ቤት አይታይም እያልኩ።"

ተዋበች ወደ እሳቸው ዞረች።

"አንዱን ግን አልረሳውም። ሸዋ በር ሰፈር ነው። ዝናብ ነበር። ቁልፉ ወደቀ፤ በሩን ከፈትኩት…"

ሞረዱን አስቀመጡት።

"በሩን ስከፍተው፣" አሉ እንደገና፣ "ውስጥ የነበረችው ሴት የጠራኝን ሰውዬ ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ።"