በእርሳስ የተጻፈ ዝምድና

"እስክሪብቶ አይገባም፣ ማራማ። ምግብም አይገባም።"

ጃይዋንቲ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። "ምግብ አልያዝኩም" አለች።

ሎሳሊኒ በዋና ከተማው በሱቫ ቤተ መዛግብት የንባብ ክፍል የምትሠራ፣ ፀጉሯን አጎፍራ ያበጠረች ግዙፍ የአገሬው ተወላጅ ናት፤ ማራማ የሚሉት በቋንቋቸው እመቤት ለማለት ነው። አፍንጫዋን ወደ ቦርሳው አስጠግታ አሸተተች። "እንግዲያው ዱባው ራሱ ነው መዝገብ ሊያገላብጥ የመጣው?"

ጃይዋንቲ ሳቋ አመለጣት። በቂጣ የጠቀለለችውን የዱባ ወጥ ከነቦርሳው ለቁም ሳጥኑ አስረክባ፣ በምትኩ አንዲት ቢጫ እርሳስ ከነላጲሷ ተቀበለች። ከላምባሳ ድረስ በመርከብና በአውቶቡስ ተንገላታ የመጣችው ለሳቅ አልነበረም። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ አምስት ሰዓት ቀርቶታል፤ ለእሑድ ደግሞ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለው።

ጃይዋንቲ ሲንግ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባል አላገባችም፤ ወንድሟ የሸንኮራ መኪና ተገልብጦበት ሲሞት የስድስት ዓመት ልጁን አንሺካን ወስዳ አሳደገች። አንሺካ ዛሬ የሃያ አራት ዓመት ነርስ ናት፤ የጎረቤታቸውን የጃግናራያንን የልጅ ልጅ ካቪሽን ወዳለች፣ እሱም ወዷታል። ችግሩ ሁለቱ ቤቶች ወንድማማች መሆናቸው ነበር።

እንዲህ ነው የሚባለው፦ የጃይዋንቲ ቅድመ አያት ራምዳኒና የጃግናራያን አያት ሱክላል የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ከህንድ በአንድ መርከብ መጡ፣ የአምስት ዓመት ውላቸውን በአንድ የሸንኮራ እርሻ ጨረሱ፣ ከዚያም ጎን ለጎን መሬት ተከራይተው ቤት ሠሩ። ሁለቱም ሲንግ ተባሉ፣ ጨዋ የተባለው የታኩር ወገን። ከዚያ ወዲህ በአንዱ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር የሰርጉን ሥርዓት ፈንዲሻ እጇ ላይ የሚያፈስላት ከሌላው ቤት ያለ ወንድሟ ነው። በክር በዓል ቀን የአንዱ ቤት ሴቶች ለሌላው ቤት ወንዶች በእጃቸው አንጓ ላይ የእህትነት ክር ያስሩላቸዋል። አንሺካ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በዚያ ቀን ሆዴን አመመኝ ብላ ትተኛለች። በየዓመቱ፣ አንድም ሳታዛንፍ። ጃይዋንቲ ነገሩ የገባት ዘግይታ ነው፤ ስትሰፋ ዓይኗ ከመርፌው ስለማይነሳ የሰውን ልብ ቶሎ አታይም።

ካካ ጃግናራያን ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። ጃይዋንቲ እኚህን የሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ካካ የምትላቸው የአባቷ ወንድም ማለቷ ነው። "የወንድማማች ዘር አይጋባም" አሉ። "ወንድማማች አልነበሩም የሚል ካለ ወረቀት ያምጣ። ያኔ አፌን እዘጋለሁ።" እሑድ ማምሻውን፣ ማኅበርተኛው ቅዱስ መጽሐፉን ራማያንን ለማንበብ ሲሰበሰብ፣ ካቪሽን ከታቩዋ ለመጣች ልጅ ሊያጩት ቀን ቆርጠዋል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ጃይዋንቲ ሥሩን ፍለጋ ተነሣች። የራሷን አያት የልደት ወረቀት ከሻንጣ አወጣች፤ የሳቸውን አባት የልደት ወረቀት ደግሞ ካቪሽ ከተቆለፈ ሳጥናቸው ሰርቆ አመጣላት። በሁለቱም ላይ ከህንድ የመጡት አባቶች የመርከብ ቁጥር ሰፍሯል።

ሎሳሊኒ ሁለት ቅጽ ሰጠቻት። ስም፣ መርከብ፣ ቁጥር፣ "ከጠያቂው ጋር ያለው ዝምድና"። ጃይዋንቲ በአንዱ "ቅድመ አያት" ብላ ጻፈች። በሌላው ትንሽ ካመነታች በኋላ "የቅድመ አያት ወንድም" አለች።

"ካልሆነ ይጠፋል" አለች ሎሳሊኒ እርሳሱን በአገጯ እያመለከተች። "እኛ መንደር እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ሰው እንደተወለደ የማን ወገን እንደሆነ በትልቁ መጽሐፍ ይጻፋል፤ አበቃ። እናንተ ደግሞ አያት ፍለጋ ባሕር ትሻገራላችሁ።"

"እናንተን ማንም በመርከብ አላመጣችሁም።"

"መጥተናል እንጂ። ትኬት የሚቆርጥ ስላልነበረ ነው ያልተመዘገብነው" አለችና የመርከብ መዝገቦቹ የተቀረጹበትን ፊልም ማንበቢያው ማሽን ላይ ጠመጠመችላት።

ጃይዋንቲ እጀታውን ማዞር ጀመረች። ስሞች በብርሃኑ ውስጥ እንደ ዝናብ አለፉ። መርከቡን አገኘች። ከዚያ ቁጥሮቹን፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ አራት መቶ አሥራ ሦስት። ተከታታይ ናቸው። ወንድማማች ካልሆነ ማን ነው ተከታትሎ የሚሰለፈው? አንሺካን በምን ዓይኗ ታያታለች?

ከሱክላል ጀመረች። ዕድሜ ሃያ አራት። ወገን፣ ታኩር። የአባት ስም፣ ጋጅራጅ ሲንግ። ቁመት፣ አምስት ጫማ ከሰባት ኢንች። እንደ ልማዷ በሐሳቧ ሸሚዝ ለካችለት፤ ረጅም እጅጌ፣ ጠባብ ትከሻ። ወደ ኋላ አንድ ገጽ መለሰች። ራምዳኒ፣ ዕድሜ ሃያ፣ ቁመት አምስት ጫማ ከሦስት ኢንች፣ ግራ ቅልጥሙ ላይ ጠባሳ። የአባት ስም፣ ቡዱ። አውራጃውም ሌላ፣ መንደሩም ሌላ።

"አይደሉም!" ብላ ጮኸች።

አጠገቧ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያንቀላፋ ሽማግሌ ደንግጦ ነቃ። ሎሳሊኒ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ጃይዋንቲ አፏን በእጇ ከድና ጽሑፉን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበች። ያኔ ነው በደስታ የዘለለችውን መስመር ያየችው። ወገን፣ ቻማር።

ቆዳ ፋቂ።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። አባቷ ትዝ አላት፤ ሲንግነቱን በየሰርጉ የሚያወራው አባቷ። አያቷም ትዝ አለቻት። ላምባሳ ገበያ ዳር ማታይ የሚባል ጫማ ሰፊ ነበረ፤ ቻማር ነው ይሉታል። ለእድሳት ጫማ ሊወስድ ቤታቸው ሲመጣ አያቷ ከጓዳ ውሃ ትልክለታለች፤ በብርጭቆ ሳይሆን ከደጅ ምሰሶ ላይ በሚንጠለጠል ቆርቆሮ ኩባያ። ኩባያውን የምታቀብለው ጃይዋንቲ ነበረች። ማታይ ተቀብሎ "እደጊ፣ የኔ ልጅ" ይላት ነበር። አሁን በሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ በዚያ ወንበር ላይ፣ ፊቷ በእፍረት ጋለ። በየትኛው እንዳፈረች ለራሷም አልለይላት አለ፤ በቅድመ አያቷ ነው ወይስ በኩባያው?

"መጥፎ ነገር አገኘሽ?" አለች ሎሳሊኒ ጎንበስ ብላ።

"ጥሩም፣ መጥፎም።"

"እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ንጉሥ ፍለጋ ነው የሚመጣው። የሚያገኘው ቁመትና ጠባሳ ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማሽኑ የፈለግሽውን ያህል ቆርጦ ያትማል። ሙሉ ገጽ ይሁን ወይስ የአባቱና የመንደሩ ስም ብቻ?"

ጃይዋንቲ ማያው ላይ አፈጠጠች። የአባት ስምና መንደር ብቻ ይበቃታል። የአንሺካ ሰርግ ይሆናል፣ ሲንግነትም ባለበት ይቆያል። ማንም አያውቅም። "ቆይ፣ ስልክ ልደውል" አለች።

በረንዳው ላይ የሱቫ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ካካ በሁለተኛው ጥሪ አነሱ።

"የት ጠፋሽ? ዛሬ የስፌት መኪናሽ ድምፅ የለም።"

"ሱቫ ነኝ፣ ካካ። ቤተ መዛግብት።"

"ያለ እኔ ወረቀት ምን ታገኛለሽ? እሱ ሳጥን ውስጥ ነው።"

"ነበረ።"

"ያ ሌባ!"

"ሁለቱንም አገኘኋቸው። ወንድማማች አይደሉም።"

ቁጣ ጠብቃ ነበር። የመጣው ግን የደከመ የሽማግሌ ድምፅ ነው። "ልጄ፣ ጃይዋንቲ... ሌላውንስ መስመር አነበብሽ?"

የበረንዳውን ምሰሶ ያዘች። "ያውቁ ነበር?"

"አያቴ ሊሞት ሲል ነገረኝ። መርከቡ ላይ ሱክላል ወረርሽኝ ያዘው። ወገኖቹ ታኩሮቹ ይጋባብናል ብለው ሸሹት። ከአጠገቡ የተኛው ራምዳኒ በራሱ ኩባያ ውሃ ያጠጣው ነበር። አሥራ አንድ ቀን። ሲወርዱ የእርሻው አለቃ ማን ከማን ጋር ይደር ብሎ ሲጠይቅ፣ አያቴ እጁን ይዞ፣ 'ይሄ ወንድሜ ነው፣ ሲንግ ነው' አለ። ማን አባቱ ይጠይቀው? ታኩር የተናገረው ነው። እኔንም አስማለኝ፤ ወንድም አልነበረም የሚል እንዳይነሣ።"

"ስለዚህ ነው እንቢ ያሉት?"

"ታዲያ ለምን ይመስልሻል? ልጄ እኔ አንሺካን ጠልቻት ነው? ከተጋቡ ወንድማማች አልነበሩም ማለት ነው። ካልነበሩ ታዲያ ራምዳኒ ምን ነበረ ይላል ሰው። ይቆፍራል። ይኸው አንቺ ራስሽ ቆፈርሽ!"

ጃይዋንቲ ልትቆጣቸው ፈለገች፣ በአክብሮት እግራቸውንም ልትነካ ፈለገች። የእሷ ቤት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው በሰጠው ስም ተጠልሎ ኖሯል፤ ዛሬ ደግሞ መጠለያው ልጇን አፍኗታል። "እኛን ሊጠብቁ ብለው ልጆቹን ሊለያዩ ነው" አለች።

"ልጆች ይረሳሉ።"

"አንሺካ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴን አመመኝ ብላ ተኝታለች፣ ካካ። አትረሳም።"

"ወረቀቱን እዚያው ተይው። አላገኘሁም በይ፤ ማን ያውቃል።"

"እኔ አውቃለሁ። ወረቀት ያምጣ፣ አፌን እዘጋለሁ ያሉት እርስዎ አይደሉም?"

"ብያለሁ። ያልኩትን አልበላም" አሉ። "ግን እሑድ ከተነበበ ሁሉም ነው የሚነበበው። በማኅበር ፊት መስመር ዘልዬ አላነብም። ዕድሜ ልኬን ዘልዬ አላውቅም።"

"አይዝለሉ።"

"ከዚያ በኋላስ? ራማያኑን እንድታነቢ መጽሐፉን የማያስነካሽ ቢመጣ?"

"ከቤቴ ሆኜ አነባለሁ። ድምፄ አጥሩን ያልፋል።"

አሮጌው ሰውዬ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። "ያልፋል እንጂ። አርባ ዓመት መች አስተኛኝ።" ሳሉ ሲተዋቸው፣ "ምግብ ቀምሰሻል?" አሉ።

"አላስገቡልኝም።"

"ብዪና ነይ። መነጽሬን ጠርጌ እጠብቃለሁ።"

ስልኩን ዘጋች። እሑድ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ዩኒፎርም የሚያሰፉ አንዳንድ እናቶች ሌላ ሰፊ ይፈልጋሉ፤ በሰርጉም ቀን የቀረበላቸውን ሳይነኩ የሚነሡ ይኖራሉ። ፈርታለች። ፍርሃቷ ግን እግሯን አላሰረውም፤ ቀጥ ብላ ወደ ንባብ ክፍሉ ተመለሰች።

"ሙሉውን አትሚልኝ" አለች። "ሁለቱንም። ከላይ እስከ ታች።"

ማሽኑ ሞቅ ያሉ ሁለት ወረቀቶች ተፋ። ሎሳሊኒ ማኅተም ከመምታቷ በፊት ቅጾቹን አየች። "ይሄስ? 'የቅድመ አያት ወንድም' ብለሻል። አይደሉም ብለሽ ስትጮሂ ሽማግሌውን አስደነገጥሽው እኮ። ይስተካከል?"

ጃይዋንቲ ቅጹን ተቀብላ እርሳሱን ገለበጠች። ላጲሱን "ወንድም" የሚለው ላይ አደረገችና ቆመች። አሥራ አንድ ቀን በአንድ ኩባያ የጠጡ ሰዎች ናቸው። ላጲሱን አነሣች፤ ከጎኑ "በመርከብ" ብላ ጨመረችበት።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይ፣ የጠያቂው ስም ወደተጻፈበት ሄደ። ጃይዋንቲ ሲንግ ይላል። "ሲንግ" የሚለውን አሻሸችው፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ። ብናኙን እፍ ብላ፣ በቦታው "ራምዳኒ" ብላ ጻፈች። በሌላኛውም ቅጽ እንዲሁ አደረገች።

ሎሳሊኒ አነበበችው። "መታወቂያሽ ሲንግ ነው የሚለው፣ ማራማ።"

"እሱ በቀለም ነው የተጻፈው" አለች ጃይዋንቲ እርሳሱን እየመለሰች። "ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። አሁን ቂጣዬን አምጪልኝና አብረን እንብላ፤ ዱባውም ብዙ ጠበቀ።"