ሁለቱም ከአንድ እሽግ

ዛሂራ ያላትን ሁሉ አንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው ጉድ ሊፈላበት የተዘጋጀ ሰው ነው ብላ ታምናለች። ገንዘቧ ግማሹ በደረቷ፣ ግማሹ በስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ደሴ ላለው ወንድሟ ጫማ በላከች ጊዜ እንኳ ግራውን ለአንድ መንገደኛ፣ ቀኙን ለሌላ መንገደኛ ነበር የሰጠችው፤ አንድ እግር ጫማ የሚሰርቅ ሌባ አልተፈጠረም በሚል ሂሳብ። ሂሳቧ ልክ ነበር፤ ማንም አልሰረቀም። ግራው በሳምንቱ ደሴ ገባ። ቀኙን የያዘው ግን ድንበር ሳይሻገር ገዳሪፍ ላይ ሥራ አገኘና እዚያው ቀረ። ወንድሟም ዓመቱን በሙሉ በግራ እግሩ ብቻ ዘናጭ ሆኖ ከረመ። ከዚህ ትምህርት ይወሰዳል ቢባል፣ እሷ የወሰደችው ትምህርት መንገደኛ ከመምረጥ በፊት ሥራ እንዳለው መጠየቅ እንደሚገባ ብቻ ነው።

በሱዳን ዋና ከተማ ዳርቻ፣ ካላክላ ውስጥ፣ ከልጇ ከመዋዳ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የመዋዳ አባት ሁዘይፋ ፖርት ሱዳን የጭነት መኪና ይነዳል፤ ልጁን ያሳደገው በስልክ ነው ማለት ይቻላል። መዋዳ አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ሰሞኑን ኦምዱርማን ያለ ስቱዲዮ ባለቤት፣ ሙጅታባ የሚባል፣ ለሙከራ አንድ ሠርግ ሰጥቷታል። አራት ካሜራ የቀረጸው ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ ሲደክማቸው እንኳ ካሜራዎቹ አልደከማቸውም።

«ሐሙስ ጠዋት ካስረከብሽኝ ቋሚ ሥራ ነው» ብሏታል። «ከቀትር በኋላ ሰልፍ ስላለ ወደዚህ የሚያሻግረው ድልድይ ይዘጋል፤ የሙሽሮቹ ቤተሰብም በዚያው ቀን ይበራል። ካልደረሰልሽ እንግዲህ አላህ ይሰህል።»

አላህ ይሰህል ሲተረጎም አላህ ያቅልልሽ ነው፤ ሲብራራ ደግሞ ደህና ሁኚ፣ አንተዋወቅም።

በሌላ በኩል መዳም ኸዲጋ አለች። አል-ማንሺያ ውስጥ፣ ዛሂራ ዓመታት የወለወለችው ትልቅ ቤት ባለቤት ናት። ማድ ቤት የምትሠራው ልጅ ወደ አገሯ ልትገባ ነውና «ልጅሽን አምጪልኝ፤ እስከ ሐሙስ ቁርጡን ንገሪኝ» ብላለች። ዛሂራም «ኢንሻአላህ» ብላለች። ኢንሻአላህ አሪፍ ቃል ነው፤ እሺም እምቢም ሳይባል ሁለቱም በር ገርበብ ይላል። ዛሂራ ራሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ከደሴ የመጣችው ለአንድ ዓመት ብቻ ብላ ነበር፤ ያ አንድ ዓመት ልጅ ወልዶ ልጅቷም አድጋለች። መዋዳም ያንኑ መወልወያ እንድትወርስ አትፈልግም። ግን ደመወዙ አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። ይህንን ሁለተኛውን ሐሳብ ለማንም አትናገረውም።

«ዩማ፣ ኮምፒውተሩ ራም አነሰው» አለቻት መዋዳ ቅዳሜ ዕለት፤ ዩማ እማዬ ማለት ነው።

«ምን አነሰው?»

«ራም። ሥራውን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ በይው። ጠረጴዛው ጠባብ ነው፣ አራት ካሜራ አይችልም።»

«ሰፊ ይገዛላ።»

«ሰፊም ፈጣንም መሆን አለበት። ፈጣኑ ደግሞ ውድ ነው፤ አንችለውም። ስለዚህ ርካሹን ገዝተን ኦቨርክሎክ አደርገዋለሁ። ፋብሪካው ከጻፈበት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አደርገዋለሁ ማለቴ ነው።»

ዛሂራ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አሃ! የፋብሪካው መሐንዲሶች ቁጥሩን ሲጽፉ የካላክላዋን መዋዳን ሳያማክሩ ቀርተዋላ።»

«ወላሂ ሁሉም ያደርገዋል። እነሱ ለጥንቃቄ ዝቅ አድርገው ነው የሚጽፉት።»

«ጥንቃቄ ታዲያ ምን በደለሽ? ይሞቃል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ! ቀዝቃዛው ቧንቧ የፈላ ውሃ በሚያወርድበት አገር ‹ትንሽ ይሞቃል› ትለኛለች። ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም፣ ዩማ። ካልቻለ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ በቃ። ቁጥሩን መልሼ አወርደዋለሁ።»

ዛሂራ አላመነችም። ቢሆንም ሱግ አል-አረቢ ገበያ ወርዳ የምትገዛው እሷ ሆነች፤ ከማንሺያ ስትመለስ መንገዷ ነው። መዋዳ ደግሞ ከህረባው፣ መብራቱ ማለት ነው፣ ባለበት ሰዓት ከማሽኑ ፊት ንቅንቅ ማለት አልቻለችም፤ እሱ በራሱ ፈቃድ ሄዶ በራሱ ፈቃድ ነው የሚመጣው።

«ርካሽ ይሁን» አለቻት መዋዳ ስትሸኛት። «ሠላሳ ሁለት መቶ የሚል ተጽፎበታል። ሁለት ፍሬ። ዋናው ነገር፣ ዩማ፣ ሁለቱም ከአንድ እሽግ ይሁኑ። እሺ? ፋብሪካው አብሮ የሞከራቸው ናቸው።»

«እሺ» አለች ዛሂራ። በልቧ ግን፣ ይህች ልጅ ዓለምን አታውቃትም አለች።

የባቢከር ሱቅ ጠባብ ነው። ባቢከር ራሱ ወፍራም ስለሆነ ደንበኛ ሲገባ እሱ ሊወጣ ምንም አይቀረው። ዛሂራ ራም ስትለው በመጀመሪያ ያወጣው በቀይ በሰማያዊ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ነበር።

«ይኼ ነው የዘመኑ፣ ያ ኻልታ፣ አክስቴ! ቀለሙን ይቀያይራል።»

«የት ነው የሚገባው?»

«ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ።»

«በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ለማን ሊያበራ? እኛ ቤት ለሰዎቹም መብራት የለም። መልሰውና ድሃውን አምጣልኝ።»

ባቢከር እየሳቀ ድሃውን አመጣ። መብራትም ጌጥም የለው፤ በአንድ እሽግ ውስጥ ሁለት ፍሬ፣ ቁጥሩም መዋዳ ያለችው። ዋጋውም ደህና ነበር፤ ዛሂራን ያስጠረጠራትም ይኸው ነው። እሽጉን እያገላበጠች አሰበች፦ ሁለቱም ከዚህ ሰው እጅ፣ ሁለቱም ከአንድ ወረቀት። አንዱ የተጭበረበረ ከሆነ ሌላውም ያው ነው። ሐሙስ ደግሞ የሚጠብቅ አይደለም።

«አንዱን ብቻ ስጠኝ።»

«አንዱን? ያ ኻልታ፣ መንታ ናቸው እኮ! መንታ ይነጠላል?»

«የሰው ልጅ መስሎሃል? ቅደድና ስጠኝ።»

«የቀረውን ማን ይገዛኛል?»

«አላህ ያመጣልሃል» አለችው። በግማሹ ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምራ አንዱን ተቀበለች። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ፊት ለፊት ካለው ከከቢር ሱቅ ስሙም ቁጥሩም ያው የሆነ አንድ ሌላ ገዛች። ሁለት ሻጭ በአንድ ቀን ሊያታልላት አይችልም። ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ በላብ ተጣብቃ፣ አንዷን በቦርሳዋ፣ አንዷን በደረቷ ይዛ፣ እንደ ጄኔራል ኮርታ ካላክላ ገባች።

«እሽጉስ?» አለች መዋዳ።

«እሽግ ለምን ይጠቅምሻል? ቁጥሩን አንብቢ፤ አንድ ናቸው።»

መዋዳ ማሽኑን ከፍታ ሰካቻቸው። በቀስታ ሲሆን ሠራ። ግን አራቱ ካሜራዎች አንድ ላይ ሲከፈቱ ሙሽራዋ በየእርምጃዋ ድንጋይ ትሆን ጀመር። በዚህ አካሄድ ሠርጉ ለሐሙስ ቀርቶ ለሙሽሮቹ ልጅ ሠርግም አይደርስም። መዋዳ የተጻፈበትን ቁጥር ሞከረች፤ ጥቂት ሄዶ መሐል ላይ ጠፋ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ጠፋ። ከዚያ በላይ ስታደርገው ስክሪኑ ጠቆረ፤ ዛሂራ «ኢናሊላሂ!» ብላ ከበሩ ውጭ ቆመች፤ ሲፈነዳ አንዳቸው እንኳ ይትረፉ ብላ።

መዋዳ አንዷን ነቅላ ሌላዋን ለብቻዋ ሞከረች፤ ከዚያ አቀያየረቻቸው። ሁለቱንም መዳፏ ላይ አስቀምጣ አገላበጠቻቸው።

«ዩማ፣ ከየት ገዛሻቸው?»

«አንዱን ከባቢከር፣ አንዱን ከከቢር። አንዳቸው ሌባ ቢሆን እንኳ...»

«ማንም ሌባ አይደለም! ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ለየብቻቸው። የባቢከሯ ትሮጣለች። የከቢሯ የተጻፈባትን ያህል ትሄዳለች፣ ከዚያ አታልፍም። ስማቸው ከላይ አንድ ነው፤ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ግን የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ነው። አይስማሙም። ከአንድ እሽግ ያልኩሽ እኮ ለዚህ ነው!»

«እኔ ምን አውቃለሁ...»

«የአጎቴን ጫማ ነው ያደረግሽኝ!»

ይህንን ስትል መሳቅ ነበረባት፤ አልሳቀችም። ማሽኑን ዘጋችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ለመዳም ኸዲጋ ንገሪያት» አለች ቀስ ብላ። «ሰሃን ማጠብ እችላለሁ።»

ዛሂራ ዕድሜዋን በሙሉ ክፉ ነገር ይመጣል ብላ በር በሩን ስትጠብቅ ኖራለች። በሐፍላ፣ በፖሊስ፣ በወባ፣ በአባይ ሙላት ነበር የምትጠብቀው። በገዛ ቦርሳዋ ይዛው ትገባለች ብላ ግን አስባ አታውቅም።

በማግሥቱ ከሥራ ስትወጣ ወደ ገበያው ተመለሰች። ከቢር የግድግዳውን ጽሑፍ በጣቱ አሳያት፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል። ጽሑፉ በሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚበልጥና የሚያምር ዕቃ ነበር። ዛሂራ ተሻግራ ባቢከር ጋ ገባች። መንታዋ ተሽጣለች፤ ካልተሸጠች ጠፍታለች፤ ካልጠፋች ሻይ ተደፍቶባታል። መንገድ ሙሉ ያሰበችው ይህንን ነው።

ባቢከር ሲያያት እጁን ወደ ሰማይ አነሳ። «መጣሽ! ያቺ የጎዳሻት ልጅ ይችውልሽ» ብሎ ከመሳቢያው አወጣት። «ከትናንት ጀምሮ ያነሷታል፣ ‹እህቷስ?› ይሉኛል፣ መልሰው ያስቀምጧታል።»

ዛሂራ የከቢሯን አጠገቧ አስቀመጠች። «ይችን ውሰድና ያቺን ስጠኝ። አንድ ነጠላ አለህ፤ አንድ ነጠላ ይኖርሃል። ምን ጎደለብህ?»

«ይቺኛዋ ምን ሆና ነው?»

«ምንም። የተጻፈባትን ትሠራለች፤ ከዚያ በላይ ግን አትጨቀጨቅም። ለሚገዛህ ይህንኑ ንገረው። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የሚጽፍን ሰው ምን ያስሮጠዋል?»

ባቢከር ጠረጴዛው ላይ ባለው ማሽን ሰክቶ አያት። ሠራች። አገጩን እያከከ፣ «ከሐበሺያዎች ጋ ክርክር አይገባም» አለ። «ውሰጃት። ሁለተኛ ግን እሽግ አታስቀድጂኝም!»

«ወላሂ አላስቀድድም» አለች ዛሂራ። ከዚያ ሐሳብ ገባትና፣ «እስኪ መጀመሪያ ትሥራ» ብላ ጨመረች።

መንታዎቹ ተገናኙ። መዋዳ የማሽኑን ጎን ከፍታ በቤቱ ውስጥ ያለውን አንድ ቬንቲሌተር ወደ ሆዱ አዞረችው። ኮምፒውተሩ እየተናፈሰ እናትና ልጅ በላብ ታጠቡ። ቁጥሩን ወደ ሠላሳ ስድስት መቶ ስታወጣው ስክሪኑ ጠቆረ።

«አልኩሽ!» አለች ዛሂራ።

«ዩማ፣ ዝም!»

መዋዳ ወደ ሠላሳ አራት መቶ አወረደችው። ማሽኑ ተነሣ። በመፈተሻ ፕሮግራም ሲያስጨንቁት ዋለ፤ ሙቀቱ በጠነከረበት የቀትር ሰዓትም አንድ ስህተት አላወጣም። ዛሂራ ያን ቀን ከሥራ አስፈቅዳ ቀርታ ስክሪኑን ትኩር ብላ እያየች ስህተቱን ስትጠብቅ ዋለች፤ አለመምጣቱ ራሱ አሳሰባት። ግን አራቱ ካሜራዎች አብረው ሄዱ፤ ሙሽራዋም እንደ ሰው ተራመደች።

ሐሙስ ማለዳ መዋዳ ቪዲዮውን ይዛ ወደ ኦምዱርማን ሄደች። ዛሂራም ማንሺያ ገብታ ሳሎኑን መወልወል ጀመረች። መዳም ኸዲጋ ሻይዋን ይዛ መጣችና እርጥቡ ወለል ላይ ቆመች።

«ዛሂራ፣ ልጅሽስ? ዛሬ ሐሙስ ነው።»

የዛሂራ አፍ ‹ኢንሻአላህ› ሊል ተከፍቶ ነበር። ከመዋዳ ገና ድምፅ የለም። ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረች ልጇ ታየቻት።

«አትመጣም።»

«ሥራ አገኘች እንዴ?»

«ገና አልታወቀም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያም አትመጣም።»

«እንደወደድሽ» አለች መዳም። «ሌላ አስመጣለሁ፤ ዛሬውኑ። ኋላ እንዳትለምኚኝ።» የጫማዋን ዱካ ወለሉ ላይ ትታ ሄደች።

ዛሂራ መወልወያዋን አነሳች። ምን አደረገች? ድልድዩ አሁኑኑ ተዘግቶ ይሆናል። ቪዲዮው አባይ ውስጥ ገብቷል። አልገባም ቢባል እንኳ ሙሽሮቹ ተፋተዋል፤ ማን የተፋታ ሰው ሠርግ ይገዛል? የመዳምን ዱካ ሁለት ጊዜ ወለወለችው፤ ሁለተኛውን ሳያስፈልግ። ስልኳ ሲጮኽ ልታነሳው ፈራች።

«ዩማ! ሙጅታባ አየው!» አለች መዋዳ። ከጀርባዋ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል። «የሙሽራዋ አክስት አንዴ ብቻ ነው የታየችው፤ ጨምሪያት፣ አለበለዚያ ትገድለኛለች አለኝ። እዚያው ጨመርኳት።»

«ሥራውስ?»

«እሑድ ጀምሪ አለኝ!»

ዛሂራ ግድግዳውን ተደግፋ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እውነትም አመሰገነች፤ እንባዋም መጣ። መወልወያውን ወደ ባልዲው መለሰች፤ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«እሑድ?» አለች። «ለምን እሑድ? እስከዚያ ሐሳቡን ቢቀይርስ?»