የባሕር ዛፉ ኮምፒውተር

«አፈር ይቅለለውና፣ ፀሐዬ እንኳ ንግድ አያውቅም ነበር» አለች የአባይነሽ ጎረቤት አስካለች፣ ከመዳፏ ንፍሮ እየለቀመች። «ያን የመሰለ ባሕር ዛፍ ሸጦ ኮምፒውተር! ያውም የጌም!»

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አባይነሽን ሰረቅ አድርገው አዩዋት። ባሏ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። እሷም ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች አቀረቀረች። ምን ትበል? ይህን ወሬ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጎረቤቱ ያዳረሰችው ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐዬ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ከአባቱ የቀረችለት ቁራሽ የባሕር ዛፍ ቦታ ነበረችው። አባይነሽ ያን ዛፍ በልቧ ከቆረጠችው ቆይታለች፤ የካ ካለው ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የኪራይ ክፍል ልትሠራበት፣ የቱ ማገር የቱ አጣና እንደሚሆን ሳይቀር ለይታዋለች።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ግድም ልጃቸው ቤኪ ጠፋ። ጠፋ ሲባል አገር ጥሎ አይደለም፤ ሲግናል ሰፈር ካለ አንድ ጌም ቤት ነው የጠፋው። ጠዋት ደብተር ይዞ ይወጣል፣ ትምህርት ቤት አይደርስም። አባይነሽ ቀበቶ አነሳች። ፀሐዬ ግን ሥራውን ትቶ ጌም ቤት ሄደ፤ ከልጁ ጎን በርጩማ ስቦ ግማሽ ቀን ሲያይ ዋለ።

«ጨዋታውስ ምንም አይል» አላት ሲመለስ። «ያስፈራኝ ከጓሮው የሚቃመውና የሚጨሰው ነው።»

ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ ዛፉን ሸጦ አንድ ትልቅ ጥቁር ሳጥን ታቅፎ መጣ። በከተማው ከሱ የሚበልጥ የጌም ኮምፒውተር የለም ተባለ።

«ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ይሄ ምን ሊያቆጠቁጥ ነው?» አለችው።

«እሱንስ እንጃ» አለ እየሳቀ።

ከዚያማ ቤቱ በጎረምሳ ተሞላ። የጌም ቤቱ ልጅ ሁሉ ቤኪን ተከትሎ መጣ፤ ደጃፉ ላይ የጫማ ክምር፣ ውስጥ ጩኸት። አባይነሽ እያጉረመረመች ሽሮ ታበዛለች። ቤኪ ግን እቤት ነው። አባትየው «መጀመሪያ ሒሳብ» የሚል ሕግ ስላወጣ ደብተርም ይገለጥ ጀመር።

ዓመት ከመንፈቅ እንዳለፈው፣ በክረምት፣ ማሽኑ ተቃጠለ። አባይነሽ ከገበያ ስትመለስ ቤቱ የጎማ ቃጠሎ ይሸታል። ፀሐዬ ሳጥኑን ታቅፎ ሲወጣ በር ላይ ተገናኙ።

«አላልኩህም? ዛፌን አነደድከው!»

«ሞኝ ነኝ፣ ተታለልኩ» ብሏት አለፈ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሯ ሁሉ የሚያልቀው በዚያ ሳጥን ሆነ። ወጡ ጨው ቢበዛበት እንኳ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነበር።

«ጋሽ ፀሐዬ ንግድ አያውቁም ነው የሚባለው?» አለ ጀይላን ከድንኳኑ አፍ። እዚያው ሲግናል ሰፈር ኮምፒውተር እየሸጠ የሚጠግን ሰው ነው፤ ያን ሳጥን የሸጠው እሱ ነው፣ ቤኪም ዛሬ እሱ ዘንድ ይሠራል። «እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር። ‹ይሄ ዛሬ አንደኛ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም ዞሮ አያየውም። መካከለኛውን ይውሰዱ፣ ሲያረጅ አንድ አንዱን ዕቃ እንቀይራለን› አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ዓመት ይበቃኛል።›»

አባይነሽ ቀና አለች። ይህን ለእሷ ነግሯት አያውቅም።

«ሁለት ዓመትስ መች ቆየ?» አለች አስካለች።

«ታዲያ ዕቃው ምን ያድርግ!» ጀይላን ሳቁ አመለጠው። «እየሠራ እያለ ብርድ ልብስ ደርበውበት ነዋ! መተንፈሻው ታፍኖ ሥዕል የሚያወጣው ካርድ ቀለጠ። ‹ምን ነካዎት ጋሽዬ?› ብላቸው፣ ‹ክረምት ነው፣ የበረደው መስሎኝ› አሉኝ። ቤኪን ‹ፈትተህ ራስህ ሥራው› ብለው እኔ ዘንድ ያስቀመጡትም ያኔ ነው።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ከገባ መቼም መመለሻ የለውም።

«ኮምፒውተር በረደው! ወይ ፀሐዬ!» አስካለች እንባዋን ጠረገች።

አባይነሽ አልሳቀችም። ማሽኑ በተቃጠለ ዕለት፣ እንግዳ ስለሚመጣ ቤት ስትጠርግ ነበር። ስክሪኑን ጨልሞ ስላየችው የጠፋ መሰላትና፣ አቧራ እንዳይገባበት ብላ፣ ከአልጋው ላይ ብርድ ልብስ ገፍፋ ሳጥኑን ዙሪያውን አጥብቃ ሸፍና ገበያ የወጣችው እሷ ናት። ስትመለስ ብርድ ልብሱ ታጥፎ አልጋው ላይ ነበር። ማን እንዳጠፈው ጠይቃ አታውቅም።

ስድስት ዓመት! ባሏ አንድ ቃል ቢያወጣ አፏን ያስይዛት ነበር። አሁንም ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ነገ ሰልስት ነው፤ ሰው ይበተናል፤ ፀሐዬም በሰፈሩ አፍ ኮምፒውተር የበረደው የመሰለው ሞኝ ሆኖ ይቀራል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ አባይ?» አለች አስካለች።

«ብርድ ልብሱን የደረብኩት እኔ ነኝ። ይኸው አሁን ማወቄ ነው። ፀሐዬ ሞኝ አይደለም፤ እኔ እንዳላፍር ብሎ ነው። ሳቁን በእኔ አድርጉት።»

ማንም አልሳቀም። ጀይላን አንገቱን ደፋ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ አላወቅሁም ነበር።»

«አንተ ምን አጠፋህ ልጄ? ባሌን አመጣህልኝ እንጂ! እግዜር ይስጥልኝ።»

ቤኪ ከወንዶቹ መሀል ተነሥቶ መጣና እግሯ ሥር ቁጭ አለ። «እማዬ፣ አንቺ ባታቃጥዪው ኖሮ እኔ ዛሬም ጌም ላይ ነበርኩ እኮ» አላት። ያኔ አስካለችም ሳቀች፣ አባይነሽም ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። ፀሐዬ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አላለቀሰችም ነበር።

በማግስቱ ሰልስቱ አልቆ ድንኳኑ ፈረሰ። አባይነሽ ብቻዋን ወደ ጓዳ ገባች። ያ የተቃጠለው ሳጥን በስንት ቅያሪ ዕቃ እዚህ ደርሶ፣ አሁንም እንደበራ ነው፤ ቤኪ የአባቱን ፎቶ ለፍሬም እያዘጋጀበት፣ እንግዳ ሊሸኝ ወጣ ብሎ ነው። ስክሪኑ ጨልሟል።

አጠገቡ ተቀመጠች። እጇን ከጀርባው አስጠጋች፤ ሞቅ ያለ አየር መዳፏን ነካው። ወዲያው የነጠላዋ ጫፍ ተንሸራቶ መተንፈሻው ላይ ወደቀ። ቀስ ብላ አነሳችው፤ ጉልበቷ ላይ ሰብስባ በሁለት እጇ ያዘችው።