የአስጠኚዋ ቅንድብ

ሚጣ ሒሳብ ወድቃ ድጋሚ ትፈተናለች ሲባል፣ ከእናቷ ይልቅ የደነገጠችው አስጠኚዋ ነበረች። ልጅቷ ቤት ውስጥ ተሳስታ አታውቅማ! የቀረበላትን ጥያቄ ሁሉ እንደ ውኃ ነበር የምትጠጣው። ድጋሚውንም ከወደቀች ክፍሉን ልትደግም ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የለፉትም ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ ሊቀር ነው።

በማግስቱ ተቀመጡ። ከጎን ካለው ክፍል የእናቷ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል።

"የአንድ ቁጥር ሦስት እጥፍ ላይ አራት ብንጨምር አሥራ ዘጠኝ ይሆናል። ቁጥሩ ስንት ነው?"

ሚጣ ወረቀቱን ገረፍ አድርጋ አየችውና ዓይኗን ወደ አስጠኚዋ አነሳች። "ስድስት?"

አስጠኚዋ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት።

"አይ፣ ሰባት። እሺ፣ አምስት። አምስት ነው።"

"በምን አወቅሽ?"

"ቅንድብሽ ወረደ።"

"ምን?"

"ስሳሳት ሽቅብ ይወጣል፣ ሳገኘው ይወርዳል። አታውቂም እንዴ ቲቸር?"

አታውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነገር አስተምሯታል፤ የገዛ ፊቷ ምሥጢር የማይቋጥር ወሬኛ መሆኑን ግን የነገራት የለም። ለካ ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ስታጠና የከረመችው ቅንድብ ነው። ፈተና ላይ ደግሞ ይህ ቅንድብ አይገባም።

መጀመሪያ በልጅቷ ተናደደች፣ ቀጥሎ በራሷ። ከዚያ ወንበሯን አዞረችና ፊቷን ለግድግዳው ሰጠች።

"ቀጥዪ። መልሱን ብቻ አይደለም፤ ትክክል መሆኑን እንዴት እንዳወቅሽ ጭምር ንገሪኝ።"

"ሳላይሽ እንዴት አውቃለሁ?"

"ያገኘሽውን ቁጥር ጥያቄው ውስጥ መልሰሽ ክተቺው። ራሱ ይንገርሽ።"

ልብስ ሰፊዋ እናቷ ያልተጠናቀቀ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በበሩ ብቅ አለች። አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች።

"ተጣላችሁ እንዴ?"

"እያስጠናሁ ነው፣ እትዬ።"

"ማንን? ግድግዳውን?"

ሚጣን ሳቅ አመለጣት።

"እኔ ልጄን አስጠኚልኝ አልኩ እንጂ አኩርፊልኝ አላልኩም። ጀርባሽንማ ስትሄጂም ታየዋለች።"

አስጠኚዋ ግን አልዞረችም። አለመዞር እንዲህ ከባድ ነው ብላ አስባ አታውቅም። ከኋላዋ እርሳሱ ይጭራል፣ ይቆማል፣ ላጲስ ይፈገፍጋል፤ እሷ ከንፈሯን ትነክሳለች። የዚያን ዕለት ሚጣ እርሳሷን ወርውራ አለቀሰች። በማግስቱም አኮረፈች። እናቷም የአስጠኚዋን ሰላምታ በግማሽ አፏ መመለስ ጀመረች።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጀርባዋ ማጉረምረም ተሰማ።

"ስምንት በአራት ሠላሳ ሁለት… ሁለት ስጨምር ሠላሳ አራት… አይ፣ በዛ። ስምንት አይደለም።"

ማንም ምንም አላላትም ነበር። አስጠኚዋ ትንፋሿን ውጣ ግድግዳውን ማየት ቀጠለች።

የፈተናው ቀን ሥራ የሠራ የለም። ልብስ ሰፊዋ ያንኑ እጅጌ እየሰፋች ትተረትራለች፤ አስጠኚዋም ምን ልታደርግ እንደመጣች ሳታውቅ አጠገቧ ተቀምጣለች። ሚጣ ገብታ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችና ውኃ ቀዳች።

"እንዴት ነበር?" አለች እናቷ።

"ከአምስቱ ጥያቄ አራቱን አግኝቻቸዋለሁ። የመጨረሻው ስህተት ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? መልሼ ስከተው እምቢ አለኝ። ላስተካክለው ስል ሰዓት አለቀ።"

"ተሳሳትኩ እያለች ውኃ ትጠጣለች እንዴ!" ልብስ ሰፊዋ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"አራቱስ? እርግጠኛ ነሽ?" አለች አስጠኚዋ።

ሚጣ ብርጭቆዋን ሳታወርድ፣ ወደ ማንም ሳትመለከት፣ "ሁሉንም መልሼ ከትቼ ሞክሬያቸዋለሁ እኮ ቲቸር" አለች።

ከአምስት አራት ለማለፍ ይበቃል፤ ይተርፋልም። የአስጠኚዋ ትከሻ ወረደ፤ ስንት ቀን ወደ ላይ ሰቅላው እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ልብስ ሰፊዋም ፊቷ ፈታ አለ።

"ያ ግድግዳ አስተማሪ ነው ለካ! በሚቀጥለው ዓመትም ትመጪልናለሽ፣ አይደል የኔ ልጅ?"

"ሲያቅተኝ እንጠራታለን" አለች ሚጣ።

ልብስ ሰፊዋ በልጇ አፍ አፍራ ይቅርታ ልትጠይቅ ዞረች። አስጠኚዋ ግን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ትስቅ ነበር።