የጭቃው አገር

የሻረግ የልጇን እጅ ይዛ በአመድና በውሃ ፈተገችው። ከጥፍሯ ሥር የገባው ቀይ ጭቃ ግን አልለቅ አለ።

«ምን ነክተሽ ነው?»

«ሸክላ። ጋሼ ደምሌ ነው ያዘዘን። እትዬ ታደለች ደግሞ አቦካኩን አሳዩን» አለች ስንዱ።

የሻረግ እጇን እንደ ፍም ለቀቀችው። ታደለች ከአርብ ገበያ ዳር፣ ከወንዙ ማዶ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ድስቷን የማይገዛ የለም፤ ከእጇ የሚቀበል ግን የለም። ገዢው እህሉን መሬት ያስቀምጣል፣ እሷም ድስቱን መሬት ታስቀምጣለች። ቡዳ ናት ይሏታል፤ የነካችው ሁሉ ይጋባል ይላሉ።

ነገሩ የተጀመረው መምህር ደምሌ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ከወንበራቸው አስነስቶ ደጅ ያወጣቸው ጊዜ ነው። «አገራችንን በጭቃ እንሠራታለን» አላቸው። መንገዱን በገመድ አስለካቸው፤ ሒሳብ ነው አለ። የምንጩን ውሃ ተከትለው እስከ ገደሉ አፍ ወረዱ፤ ሳይንስ ነው አለ። የየቦታውን ስም አመጣጥ ሽማግሌ ጠየቁ፤ ታሪክ ነው አለ። አሁን ያዩትንና የለኩትን ሁሉ በሸክላ አፈር ሊቀርጹት ነው። ወላጆች ገመዱን ታገሡት። ሸክላውን ግን አልታገሡትም፤ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ።

የየሻረግ ባል ካሳም ከማሳ ሲመለስ ሰምቶ ኖሯል።

«ገበሬ ማኅበሩ ሸክላ ሠሪ መስደብ ክልክል ነው ብሏል። እኔ መች ሰደብኩ? ልጄን አልሰጥም አልኩ እንጂ። አርብ ከወገዳ የሚመጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ሲመለሱ ከእነሱ ጋር ለእህቴ እልካታለሁ። ሕፃን ታዝልላት።»

«ትምህርቷስ?»

«ይሄ ትምህርት ነው? ጭቃ ማቡካት ከሆነ በረታችን ውስጥም ሞልቷል።»

የሻረግንም የጨነቃት ይኸው ነበር። ጎረቤቷ ንግስት የራሷን ወንድ ልጅ ካስቀረች በኋላ «ሸክላ የነካች ልጅ ማን ያገባታል?» ብላታለች። ደግሞም የሻረግ ራሷ ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ተከታትላለች። እሷ የምታውቀው ትምህርት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ መድገም ነው። ጭቃ ከየት መጣ?

ወገዳ ሲባል ግን ሌላ ነገር ይታያታል። እሷም በስንዱ ዕድሜ ሕፃን ልታዝል ወደ አክስቷ ቤት ተልካ ነበር። «ለአንድ ክረምት» ተብላ የሄደች፣ ከዚያ ቤት የወጣችው ስትዳር ነው። ፊደል ያየችው በሠላሳ ሦስት ዓመቷ።

ረቡዕ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። መምህሩን ልትለምነው ነው፤ ሸክላውን ተውልኝና ልጄ ትማርልኝ ልትለው።

አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አውድማ በሚያህል ቦታ ላይ፣ አገራቸው ጋይንት በጭቃ ተዘርግቷል። ተራራው የልጆቹን ጉልበት ያክላል። ታደለች የቦካ አፈር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ሸሸች።

«እዚያ ይደርቃል፣ እትዬ። በእጄ ይስጡኝ» አለች ስንዱ።

ታደለች አመነታች። ከዚያ ሰጠቻት። የሻረግ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትገልጠው ልጅቷ እዚያው ቆማ አፈሩን ትደፈጥጣለች።

ደምሌ ጣሳ ሙሉ ውሃ አነሣ። «ከዚህ ተራራ ዝናብ ቢወርድ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ስንዱ አባት ገብስ!» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

«አይሄድም! ኮረብታው ይመልሰዋል» አለች ስንዱ።

ውሃው ፈሰሰ። ኮረብታውን ዘሎ በቀጥታ ገብሱ ላይ ተኛ። ልጆቹ አውካኩ። የሻረግ በልጇ ፈንታ ተሸማቀቀች፤ በእሷ ክፍል የተሳሳተ ሰው ግድግዳው ሥር ይቆማል። ደምሌ ግን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብቻ አለ።

ስንዱ ተንበርክካ በገመዱ ለካች። «የእትዬ ንግስት ልጅ የሠራው ኮረብታ አንሷል፣ ጋሼ። በእግራችን ስንወጣው ሁለት ጊዜ አርፈናል። ይሄ ግን የጉንዳን ኩይሳ ነው።»

«እንግዲያው አፍርሱና ሥሩት።»

የሻረግ ዓመት ሙሉ ስትማር «ለምን?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እንዲህ እንደሚጠየቅም አታውቅም ነበር።

ደምሌ አያት። «ይግቡ እንጂ፣ ወይዘሮ የሻረግ። አንድ ጅረት ስም አጥቶብናል። ሽማግሌዎቹም አላወቁት።»

ጎንበስ ብላ አየችው። ጅረቱ ከእናቷ ቀዬ በታች የሚወርደው ነው። «ወንድ መች እዚያ ይወርድና ያውቃል! እህል አጠብ ነው ስሙ። በክፉ ቀን ሴቶች ከጉድጓድ የወጣ የሻገተ ገብስ ያጠቡበት ነበር። እናቴ ነግራኛለች።»

ልጆቹ ከበቧት። ደምሌ ቁራጭ ካርቶንና እርሳስ ሰጣት። «ይጻፉልን።»

ላብ እያጠመቃት ጻፈች። ካርቶኑን እንጨት ላይ ሰክተው መልሰው ለእሷ ሰጧት፤ ቦታውን የምታውቀው እሷ ናትና። ተከለችው። ዘመመ።

«በአውራ ጣትዎ ዙሪያውን ይጫኑት፣ እሜቴ። አለዚያ ይወድቃል» አለች ታደለች፣ ከሩቅ።

የሻረግ እጇን አየች፤ ልጇን አየች። ጫነችው። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ልትለምን የመጣችውን ሳትለምን ተመለሰች።

አርብ ማለዳ ካሳ አህያውን ሲጭን «ልጅቱስ?» አለ።

«ትምህርት ቤት ሄዳለች።»

«አርብ ነው አላልኩም?»

«ብለሃል። ወገዳ አትሄድም።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«ያለውን ይበል። እኔ ሰው ደስ ይበለው ተብዬ በሰው ቤት ልጅ አዝዬ አደግሁ፤ ምስጋናው እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።»

«ጭቃ እኮ ነው፣ የሻረግ!»

«ጭቃውን እኔም ነክቼዋለሁ። ከሰደድክ ሁለታችንንም ስደደን፤ ማታ ራት የሚያቀርብልህን እናያለን።»

ካሳ ጭነቱን አጠበቀ። አህያውን እየነዳ ብቻውን ወረደ።

የሻረግ ቅርጫቷን አነሣች። ስንዱ እንደነገረቻት ለኮረብታው አፈር ጎድሏል። ወንዙን ተሻግራ ታደለች ደጅ ደረሰች፤ ሸክሙን ከታደለች እጅ በጀርባዋ ተቀበለች። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሰው የማያይበት መንገድ ነበረ። እሷ በገበያው መሀል ገባች።

ሽንብራ ተራ ላይ ንግስት አየቻት። «የሻረግ! ድስት ልትሸጪልን ነው?»

ገበያተኛው ሳቀ። የሻረግ ቆመች።

«ኮረብታ ነው የተሸከምኩት፣ ንግስት! ልጅሽ አሳንሶ ሠርቶት የሄደውን ኮረብታ። ወይ ልጁን ላኪና ያስተካክል፣ ወይ ነይና አግዢኝ!»

ሳቁ ወደ ንግስት ዞረ። ንግስት ሽንብራዋን መስፈር ጀመረች።

ጨው ተራው ጋ ካሳ ከወገዳ ነጋዴዎች ጋር ቆሟል። «ትሄዳለች ያልካት ልጅስ?» አለው አንዱ። ካሳ ሚስቱን ከነሸክሟ አያት፤ የአህያውን ገመድ ደጋግሞ ጠመዘዘ።

«ትምህርት ላይ ናት» ሲል ሰማችው።

የሻረግ ዞራ አላየችውም። ገመዱ ትከሻዋን እየቆረጣት የትምህርት ቤቱን ዳገት ተያያዘችው።