ኖራ የተቀባው ጠረጴዛ

ጠረጴዛው ነጭ ሆኖ ጠበቃት።

ሄርሰንድ ከምድጃው ያወጣችውን መስተዋት በጨርቅ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። መስተዋቱ ለካቴድራሉ መስኮት የተሳለው የማርያም ፊት ነበር። እሳቱ በዝቶበት ቀልጦ ተጨማዷል፤ ዓይንም አፍም አልቀረውም። እንደገና እንስለዋለን ብላ ጠረጴዛውን ተማምና ነበር የመጣችው። ባሏ ኦበር በፀደይ ከመሞቱ በፊት መስኮቱን በሙሉ ልኩ የነደፈው እዚያ ጣውላ ላይ ነው፤ መስተዋቱ የሚቆረጠውም የሚሳለውም የእሱን መስመር ተከትሎ ነው። አሁን መስመሩ የለም። ያለው ሽታው ያልለቀቀ አዲስ ኖራ ብቻ ነው።

«ኦዲርን!»

ልጇ እስከ ክርኗ ኖራ እንደነካት ከጓሮ ገባች። ሃያ ዓመቷ ነው።

«ማነው ጠረጴዛውን ቀቢ ያለሽ?»

«አንቺ ነሻ! የመጨረሻው ቁራጭ እሳት ሲገባ ለሚቀጥለው ንድፍ ይቀባ ስትይ አይደል የኖርሽው?»

«ከእሳት ሲወጣ! ሲወጣ ነው ያልኩሽ! ስንት ዓመት ሙሉ…»

ምድጃው ከተለኮሰበት ሰዓት ጀምሮ መስተዋቱ ይበላሻል ብላ ስትፈራ ነበር፤ ከዚያ የከፋ መኖሩን አለማሰቧ አሁን ይበልጥ አናደዳት። ከነገ ወዲያ የፍልሰታ ዋዜማ ነው። እስከዚያ መስኮቱ ካልተሰቀለ፣ የካቴድራሉ ካህናት የቀሩትን ሁለት መስኮቶች ከሩዋን ከተማ ለመጣው ባለሙያ እንደሚሰጡ ነግረዋታል። ያን ጊዜ የኦበር ቤት አበቃለት።

«እኔ የመስተዋቱ ቁርጥራጮች የሚያያዙበትን እርሳስ አዘጋጅቻለሁ» አለ ከጥጉ የባሏ ወንድም ሬኖ። «ያለ ፊት እንስቀላት። የከተማው ሴት ሁሉ ‹እኔን ትመስላለች› ትላለች።»

«አንተ ደግሞ አፍህን ዝጋ!»

ሄርሰንድ ከሰል አንስታ ፊቱን ኖራው ላይ ለመንደፍ ሞከረች። ቀይ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ወጣላት። በመዳፏ አጠፋችው። ያን ፊት በየቀኑ ስታየው ከርማ፣ ዛሬ አንድ መስመሩ እንኳ ትዝ አይላትም።

«ይህቺ ማርያም ልጇን ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጋ፣ ቤተ መቅደስ ቁጭ ብሎ ከሊቃውንት ጋር ሲያወራ ያገኘችው እናት እኮ ናት!» ከሰሉን ወረወረችው። «እንዴት እንዲህ ታደርጉኛላችሁ? ምን በደልኳችሁ?»

ኦዲርን ጎንበስ ብላ ከሰሉን አነሳች። ከዚያ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት።

«እማዬ፣ እንዳትነቃነቂ።»

«ምን?»

«እንደዛው ተቆጪ። አባዬም ሲነድፋት አንቺን ሰረቅ እያደረገ ነበር የሚያይሽ።»

ሬኖ ሳቁን ዋጠ። ሄርሰንድ ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ የኦዲርን ከሰል ኖራው ላይ መጫር ጀመረ። ኦበር። ማርያምን ከእሷ ፊት እንደነደፈ አንድም ቀን አልነገራትም። ንዴቷ እንዳይበርድባት ፈርታ፣ እጇ ላይ ያለውን ፊት አልባ መስተዋት አፍጥጣ አየችው። ይሄኛውንም እሳቱ ቢበላውስ?

«ከምድጃው እስኪወጣ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ኖራ የሚባል ነገር እንዳትነኪ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ ከጠረጴዛው ቀና ሳትል። «ግንባርሽን ግን እንዳትፈቺው።»